ሀ ሁን በዜማ የሚያወርድ፣ ፊደሏን ለብቻዋ ሲያያት የሚጠፋበት ልጅ

ልጃችሁ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ አልሆንለት ካለ፣ ዛሬ ማታ የፊደል ገበታውን አውጡ። ከመጀመሪያው ግን አታስጀምሩት። መሃል ላይ ያለች አንዲት ፊደል፣ «ቶ»ን ለምሳሌ፣ በጣታችሁ ጠቁሙና «ይቺ ማን ናት?» በሉት። ብዙ ልጆች ሀ ሁን በዜማ እንደ ውሃ ያወርዱታል፤ ለብቻዋ ስትመጣባቸው ግን ከ«ተ ቱ ቲ» ጀምረው ካልቆጠሩ አያገኟትም። የድሮ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። ሀ ሁ ሲያልቅ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው።

እኔ አዳማ ነው ያደግኩት። አራተኛ ክፍል እስክደርስ ሌላ ልጅ ሲያነብ እሰማና በቃሌ እይዛለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ «አነባለሁ»። አንድ ቀን መምህሩ ገጹን ቀየረብኝ። ክፍሉ ፊት ቆሜ ቃል አልወጣኝም። ሰነፍ ተባልኩ፣ ተንበርክኬ ዋልኩ። ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል የሰማሁት ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አሁን ልጄም ላይ አየሁት፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ስንፍና አይደለም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም። አንጎል ድምፅን ከፊደል ጋር ለማገናኘት ይቸገራል፣ በቃ። ቁጥር ላይ ሲሆን ዲስካልኩሊያ፣ መጻፍ ላይ ሲሆን ዲስግራፊያ ይሉታል፤ ተደርበውም ይመጣሉ።

መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። መነጽር ዲስሌክሲያን አያድንም፣ ግን ችግሩ የዓይን ከሆነ በከንቱ አትልፉም።

ከዚያ ፊደሉን እንደ አዲስ ጀምሩ፣ በዜማ ሳይሆን በድምፅ። የሚመሳሰሉትን በአንድ ሳምንት አታምጡ። ለ እና ሰ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ አንድ ላይ ሲመጡ ልጁ ግራ ይጋባል። ነ በደንብ ከገባው በኋላ ኘ ትምጣ። ምልክቶቹንም አሳዩት፦ ካዕብ ብዙ ጊዜ ወገቧ ላይ ጭረት አላት (ሉ፣ ቡ፣ ሱ)፣ ሣልስ እግሯ ሥር (ሊ፣ ቢ፣ ሲ)፣ ኃምስ እግሯ ላይ ቀለበት (ሌ፣ ቤ፣ ሴ)። ይህ የገባው ልጅ 33ቱን ፊደል በ7 አባዝቶ 231 ቅርፅ መሸምደድ የለበትም። አስቸጋሪዋ ሳድስ ናት። ል፣ ር፣ ን፣ ት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ አላቸው፣ በጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በብዛት የምትመጣው እሷው ናት። ልጄ ሳድስን የለመደችው ትሪ ላይ ዱቄት በትነንላት፣ በጣቷ እየጻፈችና ድምፁን ጮክ ብላ እያለች ነው። በቀን 15 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ስንሄድ ማልቀስ ትጀምራለች፣ ያን ቀን የለፋነውም አብሮ ይጠፋል።

ሲያነብ ቃል በቃል እያስቆማችሁ አታርሙት። አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» ላይ ያለው፣ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ይጨርስ። «ሰ»ን በ«ሠ» ቀይሮ ቢጽፍም ለጊዜው እለፉት።

አዳማ ላይ ሌላ ሸክም አለ። ልጆቻችን አማርኛን በፊደል፣ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ እንግሊዝኛን በዚያው በላቲን ፊደል ይማራሉ። ቁቤ ላይ ኤክስ (X) «ጥ» ናት፣ ሲ (C) ደግሞ «ጭ»። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲገባ እነዚያው ፊደሎች ሌላ ድምፅ ያወጣሉ። ለየቋንቋው የተለያየ ቀለም ያለው ደብተር ለልጄ ገዛሁላት፣ በአንድ ማታም ሁለት ቋንቋ አናጠናም። ቁቤ ግን አንድ ውለታ ዋለልን፦ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፣ ሲረዝም አናባቢው ይደገማል። የምትሰማውን ተጽፎ ስላገኘችው አፋን ኦሮሞ ቀድማ አነበበች።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር ብቻ ለምኑ፦ ሳይዘጋጅ ክፍል ፊት እንዳያነብ፣ ፈተና ላይ ጊዜ እንዲጨመርለት፣ የሚያውቀውን በቃል እንዲመልስ። ሦስተኛው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛው ጎበዝ እሱ ነበር ብሎ መምህሩ ተናግሯል። የልጄ መምህርት እሺ ብላኝ ሳይንስ በቃል ጠየቀቻት። በወረቀት ከአሥር ሁለት ያገኘችበትን ስምንት አመጣች።

ማንበቡ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ትምህርቱ ቆሞ አይጠብቅም። እህቴ የልጄን የትምህርት መጽሐፍ አንድ አንድ ምዕራፍ እያነበበች በቴሌግራም ቮይስ ትልክላታለች። ልጄ ፀጉሯን እየተሠራች ትሰማዋለች፣ ያልገባትን መልሳ ትከፍተዋለች።

እናንተ ራሳችሁ እንደኔ ከሆናችሁ፣ ፎርም ሲሰጧችሁ መስኮቱ ፊት ቆማችሁ ለመሙላት አትጣደፉ። «ወስጄ ልሙላው» ማለት ይቻላል። ውል ከሆነ ደግሞ የምታምኑት ሰው ጮክ ብሎ ሳያነብላችሁ አትፈርሙ። ፍራንኮ አካባቢ ሱቄን ስከራይ «ቶሎ አላነብም፣ ሁለት ቀን ስጠኝ» አልኩት አከራዩን። እያፈርኩ ነበር ያልኩት። «ምን ችግር አለው» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።