ክረምት ሲገባ አልነሳ ያለ የሚነዳ ሣር ማጨጃ፦ የኤሌክትሪክ ብልሽቱን እንዴት ታገኙታላችሁ

ጎንደር ላይ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጠንከር ሲል ሣሩ ሳይታሰብ ይነሳል፣ ያኔ ነው ከጥቅምት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ የከረመው ማሽን የሚታወሰው። የሆቴልም ይሁን የካምፓስ ግቢ ነገሩ ያው ነው፣ ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ዝም። ከዛ የሚጠራው መካኒክ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚፈርደው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ነው፣ ግን እኮ ሞተሪኖ ከሁሉም መጨረሻ መጠርጠር ያለበት እቃ ነው። የዚህ ማሽን መለዋወጫ እንደ ባጃጅ እቃ በየሱቁ የሚገኝ ስላልሆነ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ማለቴ ነው፣ ሳትይዙ ምንም አትግዙ። ተራ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል፣ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት።

መጀመሪያ ጥንቃቄውን እንጨርስ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ቢላው ይጥፋ፣ እጃችሁ ወደ ቢላው የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ፣ ስትገጥሙ ደግሞ መጨረሻ ላይ ግጠሙት፣ ምክንያቱም ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው ብረት ቢነካ ኔጌቲቩ ከሻንሲው፣ ከማሽኑ ብረት አካል፣ ጋር እንደተገናኘ ከሆነ እሳት ይረጫል። ሲጋራማ ወዲያ፣ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

1. ባትሪው

ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሳይሰራ ሲለካ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.4 ከሆነ ይቻላል፣ 12.0 ከሆነ ግን በቃ ባዶ ነው በሉት፣ ቻርጅ ሳታደርጉ ሌላ ነገር አትፈትሹ። ከቻርጀር እንደወረደ ወዲያው አትለኩ፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ያታልላል። ከዛ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እናንተ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከ9.6 በታች ከወረደ እና ሙሉ ቻርጅ ከነበረ ባትሪው ሞቷል። ገመድ ስቦ ከመኪና ማስነሳት ይቻላል፣ ግን ከትልልቅ የጭነት መኪና አይሁን፣ ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው እና ገመዱን ምናምኑን ያቃጥሉታል።

2. ጫፎቹና ማሳው

ከሁሉም በላይ ሰዓት መስጠት ያለባችሁ እዚህ ነው። ማሳ የምንለው ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በማሽኑ ብረት በኩል ያለውን ግንኙነት ነው። ባትሪው ጫፍ ላይ ያለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉት። ከዛ የኔጌቲቩን ገመድ ተከትላችሁ ሂዱ፣ ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረበት ቦታ ዝገትና ቀለም መሃል ገብቶ ታገኛላችሁ፣ ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። ማየት ብቻ አያስተማምንም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉ ሲዞር ለኩ፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ነው ችግሩ፣ የጎደለው ቮልት እዛ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው።

3. አሁን አዳምጡ

ቁልፉ ሲዞር የምትሰሙት ድምጽ የትኛው ክፍል ላይ እንደምትሄዱ ይነግራችኋል።

ጭራሽ ዝም ካለ ፊውዙን እዩ፣ ብዙዎቹ 15 ወይ 20 አምፒር ናቸው፣ ነቅላችሁ በቴስተር ፈትሹት፣ እግሩ ዝጎ በዓይን ደህና የሚመስልም አለ። ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ የሆነ ሽቦ ተላጦ ብረት እየነካ ነው፣ መሪው ስርና ማርሚታው አካባቢ ፈልጉ፣ መጋዘን ውስጥ የከረመ ማሽን ላይ ደግሞ አይጥ በጣም ጠርጥሩ። በፊውዙ ፋንታ ሽቦ መጠምዘዝ የሚባለውን ነገር አታስቡት፣ ከስሩ ቤንዚን አለ።

ፊውዙ ደህና ከሆነ የሴፍቲ ስዊቾቹ ተራ ነው፣ የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን ፔዳሉ፣ የቢላው ማብሪያና ወንበሩ ስር ያለው። ፔዳሉ ካልተረገጠ ወይ ቢላው ካልጠፋ ሞተሪኖው እንዳይዞር ተደርጎ ነው የተሰራው። ቶሎ ለማወቅ ሪሌው ላይ፣ ሶሌኖይድ የሚሉት ባትሪውን ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው እቃ፣ ያለውን ቀጭን ሽቦ ፔዳሉ ተረግጦ ቁልፉ እየዞረ ለኩ። 12 ቮልት ከደረሰው ቁልፉም ስዊቾቹም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ሪሌው ወይ የሪሌው ማሳ ነው፣ ባለ ሦስት እግር ከሆነ ማሳውን የሚያገኘው በታሰረበት ብሎን ስለሆነ እሱንም አጽዱ። ዜሮ ከሆነ ወደ ኋላ ተመለሱና ስዊቾቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ ቴስተሩን የሚጮኸው ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። አንዳንዱ ሲጫን ይዘጋል አንዳንዱ ይከፈታል፣ ስለዚህ መጮሁን ሳይሆን ሲጫንና ሲለቀቅ መለወጡን ነው የምታዩት። ደጅ ያደረ ማሽን ከሆነ ከወንበሩ ጀምሩ፣ ውሃ የሚገባበት እሱ ነው።

ወንበሩን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ መተው የተለመደ ነገር ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። ሰውየው ከወደቀ ቢላው መዞሩን ይቀጥላል፣ የኛ ከተማ ግቢ ደግሞ ግማሹ ተዳፋት ነው።

ቀጭ ብሎ ካቆመ ወይም ቀጭቀጭቀጭ ካለ ወይ ባትሪው ደካማ ነው ወይ የሪሌው ውስጥ ተቃጥሏል። በሪሌው ሁለት ወፍራም ብሎኖች መሃል ቁልፉ እየዞረ ለኩ፣ ቀጭ ካለ በኋላ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት፣ 12 አካባቢ ከቆየ ሪሌው አያስተላልፍም። ሞተሪኖው ብሎን ላይ ከ10 ቮልት በላይ እየደረሰው የማይዞር ከሆነና ሞተሩ በእጅ ሲሞከር ካልተነከሰ፣ አሁን ሞተሪኖውን መውቀስ ይቻላል። በካቻቢቴ ሪሌውን ማገናኘት ስዊቾቹን በሙሉ ስለሚያልፍ ማርሽ ውስጥ ያለ ማሽን ላያችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ቢቀር ይሻላል።

ይዞራል ግን አይነሳም ከሆነ ካንዴላውን አውጡና ገመዱ ላይ ሰክታችሁ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቃችሁ ሞተሩ ብረት ላይ አስነክታችሁ እሳት መኖሩን እዩ። ከሌለ ከቦቢናው፣ ለካንዴላው እሳት ከሚሰጠው እቃ፣ የሚወጣውን ማጥፊያ ሽቦ ንቀሉ። ይቺ ሽቦ ማሳ ስትነካ ሞተሩ ይጠፋል፣ ስትነቀል እሳት ከመጣ እንግዲህ ቦቢናው ደህና ነው፣ ሽቦዋ ወይ አንዱ ስዊች ነው ያለ ቦታው ማሳ የሚነካው። ተነቅላ እያለ ሞተሩ ቢነሳ በቁልፍ አይጠፋም፣ ስለዚህ ለሙከራ ብቻ ነው። 12 ቮልት ደግሞ በፍጹም እንዳትሰጧት፣ ቦቢናውን ትገድሉታላችሁ። እሳት ካለ ካርቡራተሩ ስር ያለችውን የቤንዚን መዝጊያ ሶሌኖይድ አዳምጡ፣ ያለባቸው ማሽኖች ላይ ቁልፉ ሲከፈት ቀጭ ማለት አለባት። በነገራችን ላይ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል።

4. ከተነሳ በኋላ

ጋዙን፣ የሞተሩን ፍጥነት ማለቴ ነው፣ ሙሉ አድርጋችሁ ባትሪውን ለኩ፣ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። 12 ምናምን ላይ ቆሞ እየወረደ ከሄደ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በጥቂት ጊዜ ያው ነው። ከሞተሩ ወደ ሬጉሌተር፣ የባትሪውን ቻርጅ ወደሚያስተካክለው እቃ፣ የሚገቡትን ሁለት ሽቦዎች ነቅላችሁ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ መሃል ለኩ፣ ብዙዎቹ ሞተሮች በሙሉ ጋዝ ከ20 እስከ 30 ቮልት ይሰጣሉ። ይሄ ካለ ሬጉሌተሩ ነው፣ ግን ከመቀየራችሁ በፊት ፈታችሁ ጀርባውንና የታሰረበትን ብረት ፈትጉት፣ እሱም ማሳ የሚያገኘው በገላው ነው።