ዳገት ላይ አልይዝ ያለው የእጅ ፍሬን

የጭነት መኪናችን የእጅ ፍሬን አልይዝ አለ። እስከ ጥግ ተስቦም ዳገት ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ጎማው ስር ታኮ ሳያደርጉ ማቆም አደገኛ ሆነ።

ብዙ ሰው ቶሎ ገመዱን ወደ ማጥበቅ ይሄዳል። ገመዱ ግን ደህና ነበር። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ ነው። ጎማዎቹን በታኮ ደግፈን ታምቡሩን፣ ማለትም ፍሬኑን የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ አወጣነው። ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው ሸራ በካምቢዮ ዘይት ርሶ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። የካምቢዮው የኋላ ፓራኦሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) አርጅቶ ዘይት ያሳልፋል።

ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይታመንም። ሸራውንም ፓራኦሊውንም በአዲስ ቀየርን፣ ታምቡሩን አጠብን። የካምቢዮው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳም ተደፍኖ ነበር፤ ካልተጠረገ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት አዲሱንም ፓራኦሊ ዘይት እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። ገመዱን ያስተካከልነው መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ቀጥ ይላል።