አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲጂታል ስርጭት፦ ሰርች የምታደርጉት በየትኛው ሪሞት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከፍራንኮ ሰፈር ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን በባጃጅ ጭነው ሱቄ መጡ። ጀርባው የወጣው፣ ለሁለት የሚሸከሙት ዓይነት። «ልጄ፣ ሞተብኝ» አሉኝ። «አዲስ ሪሲቨር ገዝተንለት እንኳን ሦስት ቀን ሙሉ ሰርች አድርገን ምንም አላመጣም።» ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ከኔ ሪሲቨር ጋር አገናኘሁትና አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ዜና መጣ። እሳቸው መረቁኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም። አዳማ ውስጥ በዚሁ ምክንያት ስንት ደህና ቴሌቪዥን «ሞተ» እንደተባለ ስለማውቅ ነው።

እንግዲህ ከሱ ልጀምር። በቴሌቪዥኑ ሪሞት ሰርች አታድርጉ። አታድርጉ! አሮጌው ቴሌቪዥን የተሠራው ለድሮው ስርጭት፣ ለአናሎግ ነው፤ ዲጂታል የሚባል ነገር አያውቅም። ሰርች ስትሉት ድሮ የሚያውቀውን ነው የሚፈልገው። ዓመት ሙሉ ቢፈልግ ጭረትና ሹሹታ እንጂ ሌላ አያመጣም። ጣቢያ የሚፈልገው ሪሲቨሩ ነው። የቴሌቪዥኑ ሥራ ሪሲቨሩ የሰጠውን ማሳየት ብቻ ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ኤቪ» የሚለውን ተጫኑ። አንዳንዱ ላይ «ቪዲዮ» ወይም «ሶርስ» ይላል። አንዳንዱ ላይ ጽሑፍም የለው፣ ወደ ሳጥን የሚገባ ቀስት ብቻ ነው። ሪሞቱ ከጠፋ (መቼ ሳይጠፋ ቀርቶ!) በቴሌቪዥኑ ቁልፎች ከቻናል 1 ወደ ታች ውረዱ፤ ብዙዎቹ ኤቪን እዚያ ነው የሚደብቁት። የሪሲቨሩ ሜኑ ከታየ በኋላ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለድምፅ ካልሆነ አትንኩት። ይህችን ሳያውቅ ቴሌቪዥኑን ለቁራሌው የሸጠ ጎረቤት አለኝ። አሁንም ሳየው ያናድደኛል።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ስህተት ነው። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል» ስላለ ብቻ አትግዙ። በዲሽ ለሚመጣ ስርጭት ኤስ2 የሚል፣ በአንቴና ለሚመጣ ደግሞ ቲ2 የሚል ነው የሚያስፈልጋችሁ። አገራችን ለምድር ስርጭት የመረጠችው ቲ2ን ነው። ከውጭ ዘመድ የላከው፣ ቲ ብቻ የሚለው አሮጌ ሳጥን ቲ2ን አይቀበልም። ስማቸው ቢቀራረብም ቋንቋቸው ሌላ ነው። ጽሑፉ ካደናገራችሁ የገመዱን መግቢያ እዩ። ጥርስ ያለው፣ የሚጠመዘዘው የዲሽ ነው። ለስላሳው፣ ተገፍቶ የሚገባው የአንቴና ነው። ሁለቱም ካሉት ኮምቦ ነው፤ ትንሽ ቢወደድም እሱን ውሰዱ።

ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘው ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ላይ ብዙ አልልም። ቢጫው ምስል፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ቀዳዳ ከሌለ ቀዩን ተዉት፣ ሪሲቨሩን ሞኖ ላይ (ድምፁ ሁሉ በአንድ ገመድ እንዲወጣ) አድርጉት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ የሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የቀለሙ ዓይነት «ፓል» መሆኑን አረጋግጡ። «ኤንቲኤስሲ» ላይ ሆኖ ነው የሚገኘው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ምስል ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ቴሌቪዥን መጣልኝ። ከፈትኩት። ሁለት ካፓሲተር ቀየርኩ። ሦስት ቀን ላቤን አፈሰስኩበት። በመጨረሻ ባለቤቱ ገመዱን ሲያነሳው ምስሉ ብልጭ አለ። ቢጫው ገመድ ውስጡ ተቆርጦ ነበር። የካፓሲተሩን ዋጋ ግን ተቀብያለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምቀይረው ገመድ ነው።

አዳዲሶቹ ሪሲቨሮች ላይ የኤቪ ቀዳዳ እየጠፋ ኤችዲኤምአይ ብቻ እየቀረ ነው። ያኔ መቀየሪያ ይገዛል። ችግሩ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» የሚለውና «ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚለው መንታ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ሻጩም አንዳንዴ አይለየውም። የሚያስፈልጋችሁ የመጀመሪያው ነው። እሱንም በዩኤስቢ ገመዱ 5 ቮልት መብራት ስጡት። ቴሌቪዥኑ ጭራሽ ኤቪ ከሌለውና የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ የሪሲቨሩን ምስል በአንቴናው ቀዳዳ የሚያስገባ፣ ሞዱሌተር የሚባል ትንሽ ሳጥን ይፈለጋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሰርች የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ብቻ ነው። ያን ጊዜም የሚገኘው አንድ ቻናል ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። ዲሽ ራሳችሁ የምታስተካክሉ ከሆነ ሪሲቨሩ የሚያሳየውን የላይኛውን መስመር አትመኑት። ሜኑው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ስትሬንግዝና ክዋሊቲ። ስትሬንግዝ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ሊሞላ ይችላል። ገመዱና ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ጭንቅላት) መገናኘታቸውን ነው የሚነግራችሁ። ሳተላይቱ መገኘቱን የሚናገረው ክዋሊቲ ነው። ስንቱ ጎረምሳ «ሰማንያ ፐርሰንት ገባ!» ብሎ ብሎኑን አጥብቆ ወርዷል።

አቅጣጫም አለ። ድሮ ናይልሳትን የለመደ እጅ ዲሹን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ ናይልሳት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ኢትዮሳት ግን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከአዳማ ሲታይ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ከአድማሱ 67 ዲግሪ ያህል። የድሮው ዲሽ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ የአሁኑ ሰማይ ሰማይ ያያል። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ በአንዴ የሚያየው 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ጣት በጣት ነው የሚገፋው። ገፋ፣ ቆም፣ ሪሲቨሩ እስኪያነብ ጠበቅ። በስልክ «አሁንስ? አሁንስ?» እያሉ መሽከርከር ትርፉ መጣላት ነው።

ብሎኑን ደግሞ የምር አጥብቁ። ይሄ አዳማ ነው። አጠገባችን ያሉት ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። እነሱን የሚያዞር ነፋስ በሽቦ የታሰረ ዲሽ አይምርም። የድሮው አናሎግ ሲደክም በረዶ እየበዛበት ያስጠነቅቃችሁ ነበር። ዲጂታል እንዲህ የለውም። እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና ምስሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ይሰበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰውም ቴሌቪዥኑን ይመታል። ምን አደረገ?

ገመድ ስትነቅሉና ስትሰኩ ሪሲቨሩን ከመብራት ንቀሉ። በዲሹ ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ይወጣል፤ የመሃሉ ሽቦ ከዳሩ ጋር ከተነካካ ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል።

የመጨረሻው፣ ከኋላ ያለውን ክዳን አትክፈቱ። ተነቅሎ አድሯል ብላችሁም ቢሆን። ውስጡ ያለው የምስል ቱቦ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው የሚሠራው፣ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል። እኔን አንዴ ከወንበሬ አንስቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎኛል። እነዚያን ብሎኖች ለኔ ተዉልኝ።