የአውቶማቲክ ካምቢዮ የሙቀት ሴንሰር የት ይታሰር?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር ተነስቶ ወደ 2,500 ይጠጋል። በመሃል ያለውን የሐረጎ ዳገት ጭነት ይዘው ሲወጡ የሞተሩ ሙቀት መሃል ላይ እንደቆመ የካምቢዮው ዘይት ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። አብዛኞቹ መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ላይ የዘይቱን ሙቀት አያሳዩም፤ ስለዚህ ሴንሰርና ጌጅ (ቁጥሩን የሚያሳይ ሰዓት) ለብቻ መግጠም ያስፈልጋል። ዋናው ጥያቄ ቦታው ነው፤ የተሳሳተ ቦታ የታሰረ ሴንሰር ጭራሽ ከሌለው ይብሳል፤ ካምቢዮው እየተቃጠለ «ደህና ነው» ይላልና።

የተሻለው ቦታ ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ ነው። ፓምፑ የሚስበውን፣ ፍሪሲዮኖቹ የሚነከሩበትን ዘይት በቀጥታ ይለካል። መያዣው ላይ ደግሞ የኋላውን ግማሽ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ተቃራኒ የሆነውን ጎን ይምረጡ። ዳገት ላይ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊት ለፊት የታሰረ ሴንሰር በዋናው ሰዓት ጫፉ አየር ላይ ቀርቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ወለሉ ላይም አይሁን፤ የጠጠር መንገድ አንድ ድንጋይ በቂው ነው።

መያዣውን ማውረድ ካልተፈለገ ሁለተኛው አማራጭ ዘይቱን ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር የሚወስደው ቱቦ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተው የሚወስደውንና የሚመልሰውን ሁለቱንም ቱቦ ይዳስሱ፤ ቀድሞ የሚሞቀው እሱ ነው። እዚህ ያለው ዘይት ከቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮ ከሚያስተላልፈው ክፍል) በቀጥታ ስለሚመጣ ዳገት ላይ ከመያዣው በብዙ ዲግሪ ይበልጣል፣ ቶሎ ወጥቶም ቶሎ ይወርዳል፤ ይህን ሳያውቁ ቢያዩት ያስደነግጣል። የመመለሻው ቱቦ ላይ ግን አይሰሩት፤ የሚለካው ቀዝቅዞ የመጣውን ዘይት ነው። የግፊት መለኪያ ቀዳዳም ቢሆን ዘይቱ እዚያ ስለማይዘዋወር ዘግይቶ ነው የሚናገር።

ከመግጠምዎ በፊት ሴንሰሩን ከጌጁ ጋር አገናኝተው በፈላ ውሃ ይሞክሩት። በክር ያንጠልጥሉት፣ የድስቱን ወለል አይንካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 አካባቢ ነው። ደሴ ላይ 100 የሚያሳይ ጌጅ 8 ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው።

አሁን ሥራው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀዝቅዝ፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። ዘይቱን አፍስሰው ስንት ሊትር እንደወጣ ይለኩ፣ መያዣውንም ያውርዱ። በውስጡ ያሉት ማግኔቶች ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር የተለመደ ነው፤ በጣት የሚለቀም የብረት ስብርባሪ ካለ ግን መጀመሪያ ካምቢዮው ይታይ።

ቀዳዳው ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከመብሳትዎ በፊት ሴንሰሩ በሚገባበት ቦታ ከውስጥ በኩል፣ በሴንሰሩ ጫፍ ርዝመት ልክ ጠንከር ያለ ሊጥ ለጥፈው መያዣውን በሁለት ቡሎን መልሰው ያስጠጉት። አውርደው ሲያዩት ሊጡ ከተጨፈለቀ ሴንሰሩ ፊልተሩን ይነካል፤ ቦታ ይቀይሩ። ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር።

መያዣው የብረት ቆርቆሮ ከሆነ የሴንሰሩ ጥርስ ያለው የብረት ዳዶ ይበየድበታል። አሉሚኒየም ከሆነ የአሉሚኒየም በያጅ ይፈልጉ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይተዉትና ወደ ቱቦው ይሂዱ። ዳዶና ሴንሰር አብረው ይገዙ፦ የአሜሪካው 1/8 በኢንች 27 ጥርስ፣ የጃፓኑ 1/8 ደግሞ 28 ጥርስ አለው። ካልተመሳሰሉ ሁለት ዙር ገብተው ይነክሳሉ፤ በግድ ከተጠበቁ ይሰነጠቃል።

ከብየዳ በኋላ የመያዣውን ከንፈር መስታወት ላይ አስቀምጠው መጣመሙን ይዩ። ሴንሰሩን አስረው ነጭ ጋዝ ይሙሉበትና ይደር፤ ከውጭ እርጥበት ካለ እንደገና ይበየዳል። አጥበውና አድርቀው በአዲስ ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይመልሱት። ቡሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው የሚፈልጉት፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ከንፈሩን አጣሞ ያስፈሳል።

ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን (ከመኪናው አካል ጋር ያለውን የኤሌክትሪክ ግንኙነት) የሚያገኘው በጥርሱ ነው፤ ቴፍሎን ከበዛበት ጌጁ ይሳሳታል። ቱቦ ላይ ከታሰረ ደግሞ በጎማ ስለተከበበ ከማያያዣው ወደ ሻንሲ ሽቦ ይዘርጉለት። የጌጁ ኤሌክትሪክ የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚመጣ መስመር በ5 አምፔር ፊውዝ ይምጣ፤ ሽቦው ከማርሚታ ይራቅ።

የወጣውን ያህል፣ ለመኪናው የታዘዘውን ዓይነት ዘይት ይሙሉ። ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንግ) ካለው በብዙ መኪኖች ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ ፒ (ፓርክ) ላይ ሆኖ ይለካል።

መያዣው ላይ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ጤናማ ነው። ሐረጎ ላይ 110 ካለፈ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አውርደው ፍጥነት ይቀንሱ። 120 ከደረሰ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ሞተሩን ግን አያጥፉ፤ ፓምፑ ካልዞረ ዘይቱ ወደ ራዲያተር አይሄድም። የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ማርሹን ፒ አድርገው፣ ሞተሩን ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ላይ ያቆዩት፤ ቁጥሩ ከ100 በታች ሲወርድ ይቀጥሉ።