ስደውል ይሠራል፣ ሲደወልልኝ አይጠራም፦ የቤት ኢንተርኔት ስልክን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

አንድ ሰሞን እናቴ አኮረፈችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የቤት ስልኬ ላይ ደውላ አላነሳሁላትም። እኔ ደግሞ በዚያው ስልክ ጠዋት ማታ ስደውል ነበር የሰነበትኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ መስመሩም አይቆራረጥም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን ስልኩ አንድም ጊዜ አልጠራም። በመጨረሻ በሞባይሌ አግኝታኝ «ምነው ልጄ፣ ምን አስቀየምኩህ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

«ስትደውዪ ምን ይልሻል?» አልኳት።

«አንዴ እንኳን ሳይጠራ መልእክት ተዉ ይለኛል» አለች።

ይቺ መልስ ግማሹን ሥራ ሠራችልኝ። መደወል እምቢ ያለ ስልክ ወዲያው ያስታውቃል። መጥራት ያቆመ ስልክ ግን ዝም ይላል፤ ዝም ያለን ስልክ ደግሞ ማንም ተበላሽቷል ብሎ አይጠረጥርም። የሚጎዳው ደውሎ ያጣን ሰው ነው። ስለዚህ ችግሩን ከሥሩ እንፈልገው።

ለምን ወጪ ጥሪ ይሠራና ገቢ ጥሪ ይጠፋል?

ሲደውሉ ከቤት የሚወጡት እርስዎ ነዎት፤ በሩን ራስዎ ከፍተው ይወጣሉ። ሲደወልልዎ ግን ጥሪው ከውጭ መጥቶ ቤትዎን ማግኘት አለበት። ራውተሩም በሩን ሊከፍትለት ይገባል።

ቤትዎን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ስልኩ የሚሰካበት ትንሿ ሳጥን፣ ማለትም አዳፕተሩ፣ በየተወሰነ ጊዜ ለስልክ አቅራቢው ሰርቨር «አለሁ፣ አድራሻዬ ይህ ነው» እያለ ይመዘገባል። አብዛኞቹ አገልግሎቶች ለዚህ የሚጠቀሙት ሲፕ የሚባለውን የመግባቢያ ደንብ ነው። አዳፕተሩ ሲመዘገብ ራውተሩ ያንን ግንኙነት ያስታውስና ከሰርቨሩ ለሚመጣው መልስ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። በዚያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ምንም ካላለፈ ግን ይዘጋዋል። አንዳንዱ ራውተር በ30 ሰከንድ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። አዳፕተሩ የሚመዘገበው በየሰዓቱ ከሆነ፣ ማለትም በየ3600 ሰከንዱ፣ የቀረውን ጊዜ በሩ ዝግ ነው። እርስዎ ሲደውሉ በሩ እንደገና ይከፈታል። ለዚህ ነው ከእርስዎ በኩል ሁሉም ነገር ደህና የሚመስለው።

ይህን ከያዙ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይቀላል።

1. በሞባይል ይደውሉና ያዳምጡ

ምንም ነገር ከመንቀልዎ በፊት በሞባይልዎ ወደ ቤት ስልክዎ ይደውሉ። የሚሰሙትን በወረቀት ላይ ይጻፉት፣ ሰዓቱንም ጭምር። እኔ ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ራውተር የሚሮጥ ሰው ሳይ ያሳስበኛል፤ የሚሰማው ድምፅ ችግሩ ያለበትን ሰፈር ይነግራልና።

በሞባይሉ በኩል እየጠራ የቤቱ ስልክ ዝም ካለ፣ ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ አዳፕተሩ ድረስ ደርሷል። ጥፋቱ ያለው በስልኩ ወይም በሽቦው ላይ ነው።

ሳይጠራ በቀጥታ የድምፅ መልእክት ከተቀበለዎት፣ ወይ አዳፕተሩ አልተመዘገበም፣ ወይ በሩ ተዘግቷል፣ ወይ አንድ ሴቲንግ ጥሪውን እየመለሰው ነው። የእናቴ ጉዳይ ይህ ነበር።

ተይዟል የሚል ድምፅ ከሰሙ ቤት ውስጥ በደንብ ያልተቀመጠ ስልክ ይፈልጉ። መኝታ ቤት ያለ ሁለተኛ ስልክ እጀታው ትንሽ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ መስመሩን ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል።

ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም ካለ እርስዎ ቤት ውስጥ የሚስተካከል ነገር የለም። በቀጥታ ለአቅራቢው ይደውሉ። በተለይ የድሮ ቁጥርዎን ከሌላ ድርጅት በቅርቡ አዛውረው ከሆነ፣ ዝውውሩ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ከአንዳንድ መስመሮች የሚደወለው ሲገባ ከሌሎቹ ላይገባ ይችላል።

የአንድ ሰው ጥሪ ብቻ አልገባ ካለ ደግሞ ራውተሩን ይተዉት። የታገዱ ቁጥሮችን ዝርዝር ይመልከቱ። ቁጥራቸውን ደብቀው የሚደውሉ ሰዎችን የሚመልስ ሴቲንግም በርቶ ሊሆን ይችላል።

2. ስልኩን ራሱን ይመርምሩ

እጀታውን ያንሱ። የመስመር ድምፅ አለ? ካለ ያስቀምጡትና ስልኩን ገልብጠው ይዩት። በብዙ የቤት ስልኮች ሆድ ወይም ጎን ላይ የደወሉን ድምፅ የምታጠፋ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። አቧራ ስንጠርግ ወይም ሕፃን ልጅ ሲጫወትበት ተንሸራታ ትጠፋለች። ገመድ አልባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ሰረዝ የተደረገበት የደወል ምልክት መኖሩን ይመልከቱ።

ቀጥሎ አንድ ስልክ ብቻ በአጭር ሽቦ ቀጥታ አዳፕተሩ ላይ ይሰኩ። ሁለት የስልክ ቀዳዳ ካለው መስመርዎ የተመደበው በየትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ብዙውን ጊዜ 1 ቁጥር ነው። ሌሎቹን ስልኮች በሙሉ ይንቀሉ። አዳፕተሩ ደወል የሚያስጮህበት ኃይል የተወሰነ ነው። ብዙ ስልክ በተለይም የቆየ ባለደወል ስልክ ሲደራረብበት አቅም ያንሰዋል፣ ሁሉም ዝም ይላሉ። አንዱ ብቻ ተሰክቶ ከጠራ ሌሎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ዝም የሚያሰኘውን ይያዙት።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። አዳፕተሩን ግድግዳ ላይ ካለው የድሮ የስልክ ቀዳዳ ጋር ለማገናኘት ካሰቡ፣ መጀመሪያ የቤቱ ሽቦ ከድሮው የስልክ መስመር ሙሉ በሙሉ መቆረጡን ያረጋግጡ። ከውጭ የሚመጣው መስመር ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ አዳፕተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

3. ሳያውቁት የበራ ሴቲንግ ይፈልጉ

የስልክ አቅራቢዎ ድረ ገጽ ወይም አፕ ላይ በአካውንትዎ ይግቡ። «አትረብሹኝ» በርቷል? ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲተላለፍ ተደርጓል? የድምፅ መልእክት የሚቀበለው ስልኩ ስንት ጊዜ ከጮኸ በኋላ ነው? አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጮህ ከተቀመጠ ከወንበር ሳይነሱ ያልፍዎታል፤ ወደ አምስት ወይም ስድስት ያሳድጉት።

ከስልኩ ላይም በስህተት ሊበራ ይችላል። ኮዱ እንደ አገልግሎቱ ቢለያይም በብዙዎቹ *78 «አትረብሹኝ»ን ያበራል፣ *79 ያጠፋል። *72 ጥሪ ያስተላልፋል፣ *73 ይሰርዘዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። የዚያኑ መስመር አፕ ሞባይልዎ ላይ ጭነዋል? አንዳንድ አገልግሎት በአንድ አካውንት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚመዘግበው። መጨረሻ የተመዘገበው ጥሪውን ይወስዳል። የቤቱ ስልክ ዝም ሲል ጥሪው ኪስዎ ውስጥ ባለው፣ ድምፁ በጠፋ ሞባይል ላይ እየገባ ሊሆን ይችላል። አፑን ዘግተው አዳፕተሩን ሪስታርት ያድርጉና ይሞክሩ።

4. በቅደም ተከተል ሪስታርት ያድርጉ፣ ሰዓትም ይያዙ

ሪስታርት ሁሉም ሰው ያደርጋል። ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። ሞደሙን፣ ራውተሩንና አዳፕተሩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። መጀመሪያ ሞደሙን ብቻ ሰክተው መብራቶቹ እስኪረጉ ይጠብቁ። ከዚያ ራውተሩን፣ እሱም ሲረጋ አዳፕተሩን። አዳፕተሩ ኢንተርኔት ሳይኖር ከተነሳ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላልና አይቸኩሉ። በአዳፕተሩ ላይ የስልክ ምልክት ያለባት መብራት ረግታ ከበራች ብዙውን ጊዜ ተመዝግቧል ማለት ነው። ጨርሶ ካልበራች ወይም ብልጭ ድርግም ማለቷን ካላቆመች አልተመዘገበም፤ በቀጥታ ወደ አቅራቢው ይሂዱ።

አሁን ዋናው ሙከራ። ወዲያው በሞባይል ይደውሉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። ከዚያ ለ40 ደቂቃ ያህል ስልኩን ሳይነኩት ይቆዩና እንደገና ይደውሉ። በመሃል ከቤቱ ስልክ እንዳይደውሉ፤ በሩን ይከፍቱትና ሙከራው ይበላሻል።

መጀመሪያ ጠርቶ በኋላ ዝም ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ ራውተሩ በሩን እየዘጋ ነው። የእኔም እንዲሁ ሆነ። ወዲያው ስደውል ጠራ፣ በ5 ደቂቃው ዝም። ያኔ ነው ራውተሩን ከቀየርኩ ገና አራት ቀኔ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

5. ራውተሩን ያስተካክሉ

በኮምፒውተር ወይም በሞባይል ብሮውዘር የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከነፓስዎርዱ ያገኙታል።

መጀመሪያ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚለውን ይፈልጉ። ፋየርዎል ወይም አድቫንስድ በሚለው ሥር ይገኛል። የተሠራው ለኢንተርኔት ስልክ እንዲያግዝ ነበር፤ የስልኩን መልእክት ከፍቶ ውስጥ ያለውን አድራሻ ያርማል። ብዙ ጊዜ ግን አሳስቶ ያርመውና ሰርቨሩ ወደሌለ አድራሻ ይደውላል። ስለዚህ አጥፍተው ራውተሩንም አዳፕተሩንም ሪስታርት ያድርጉ። ገቢ ጥሪ ሲነሳ የአንዱ ወገን ድምፅ የማይሰማ ከሆነም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ነው።

ይህ ካልበቃ ወደ አዳፕተሩ ገጽ ይግቡ። «ኪፕ አላይቭ» የሚባል ሴቲንግ አለ። ሥራው በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እየላከ በሩ እንዳይዘጋ ማድረግ ነው። ያብሩትና በየ20 ሰከንዱ እንዲልክ ያድርጉት። አዳፕተሩን አቅራቢው ቆልፎት ከሆነ እነሱ እንዲያበሩልዎ ይጠይቁ።

ቤትዎ ውስጥ ሁለት ራውተር ካለ፣ ለምሳሌ ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠው ሳጥንና ራስዎ የገዙት፣ ጥሪው ሁለት በር ማለፍ አለበት። ይህን ለማወቅ በሁለተኛው ራውተር ገጽ ላይ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ ይመልከቱ። በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በር አለዎት ማለት ነው። ቀላሉ መፍትሔ አዳፕተሩን ወደ መጀመሪያው ሳጥን ማዛወር ነው። አለበለዚያ ኢንተርኔት አቅራቢው የመጀመሪያውን ሳጥን ብሪጅ እንዲያደርገው፣ ማለትም የራውተርነት ሥራውን ትቶ ኢንተርኔቱን ብቻ እንዲያሳልፍ፣ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ። ብዙ ሰው «ፖርት 5060ን ክፈት» ብሎ ይመክራል፤ የሲፕ መልእክት የሚገባበትን በር ለማንም ክፍት ተወው ማለቱ ነው። እኔ አልመክርም። ኢንተርኔት ላይ ክፍት የስልክ በር ሲፈልጉ የሚውሉ የማጭበርበሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ካገኙት ስልክዎ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጮሃል፣ ቁጥሩ 100 ወይም 1001 ይላል፣ ሲያነሱት ማንም የለም። ኪፕ አላይቭ የሚሠራ ከሆነ ይህን በር መክፈት አያስፈልግም።

የኢንተርኔት ፍጥነትን ብዙም አይጠርጥሩት። አንድ የስልክ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚፈልገው ከ100 ኪሎቢት በሰከንድ አይበልጥም። የኢንተርኔት መዘግየት ድምፅ ያቆራርጣል እንጂ ስልኩን ከመጥራት እምብዛም አያግደውም።

6. ለአቅራቢው ሲደውሉ ምን ይጠይቁ?

«ስልኬ አይሠራም» ካሉ ሪስታርት ያድርጉ ይሉዎታል። የጻፉትን ወረቀት ይያዙና ሁለት ነገር ይጠይቁ። «መሣሪያዬ አሁን ተመዝግቧል? በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ቁጥር የተደወለው ጥሪ ሰርቨራችሁ ጋ ደርሷል?» ካልደረሰ ችግሩ ከእነሱ ወይም ከደዋዩ መስመር ወዲያ ነው። ደርሶ ወደ እርስዎ ካላለፈ ምክንያቱን መዝገባቸው ላይ ያዩታል።

እስኪስተካከል ድረስ ጥሪው ወደ ሞባይልዎ እንዲተላለፍ ያድርጉ። በተለይ ቤት ውስጥ አዛውንት ወይም ታማሚ ካለ ይህን ለነገ አይበሉት። የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች መልሰው ቢደውሉ የሚያገኝዎ ስልክ ያስፈልግዎታል።

እኔ ሲፕ ኤኤልጂውን አጥፍቼ ኪፕ አላይቩን በ20 ሰከንድ አበራሁት። ከዚያ እናቴን በሞባይሌ ደውዬ «እማዬ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በቤቱ ስልክ ደውዪልኝ» አልኳት። ሰዓቱ ሲሞላ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛውን ደወል ሳያሰማ አነሳሁት።