የቤንዚን ጄኔሬተርን በፕሮፔን ጋዝ እንዲሠራ ማድረግ

ቤንዚን በካርቡሬተር (ነዳጅንና አየርን በሚያቀላቅለው የሞተር ክፍል) ውስጥ ለወራት ሲቆይ ወደ ሙጫነት ይለወጥና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን፣ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚፈለገው ጄኔሬተር በችግር ሰዓት አልነሣ ይላል። ፕሮፔን ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥም አይበላሽም፤ በእኔ አመለካከት ለለውጡ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው። በአንጻሩ ኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በቤንዚን 5 ኪሎዋት የሚሰጥ ጄኔሬተር በፕሮፔን 4.5 ኪሎዋት አካባቢ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማስላት ይገባል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይለወጥም።

ለሥራው የሲሊንደሩን ግፊት የሚያወርድ ሬጉሌተር፣ በሞተሩ ስበት የሚከፈት ሁለተኛ ሬጉሌተር፣ የጋዝና የአየር ማቀላቀያ እንዲሁም ለፕሮፔን ተብሎ የተሠራ ቱቦ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቸል ሊባል የማይችለው ሁለተኛው ሬጉሌተር ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ይከፈታል፣ ሲቆም ደግሞ ወዲያው ይዘጋል። በማብሰያ ምድጃ ሬጉሌተር ብቻ የተገናኘ ሞተር ከቆመ በኋላም ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ተኝቶ የእሳት ብልጭታ ይጠብቃል።

በመጀመሪያ የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ ሞተሩ በካርቡሬተሩ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ይሠራል፤ ከዚያም እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይፈታና ማቀላቀያው በማጣሪያውና በካርቡሬተሩ መካከል ይታሰራል፤ በመጋጠሚያው አየር እንዳይገባ ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በሚገባ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ሬጉሌተር የሞተሩ ንዝረት በማይደርስበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይተከላል። ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን ከፍቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና ውኃ መቀባት ያስፈልጋል፤ አረፋ ከታየ መጋጠሚያው እንደገና ይሠራል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ድብልቁን ማስተካከል ነው። ያለ ጭነት ጸጥ ብሎ የሚሠራ ሞተር ማቀዝቀዣው ወይም የውኃ ፓምፑ ሲነሣ ሊጠፋ ስለሚችል፣ የጋዝ መጠን መቆጣጠሪያው ብሎን ሞተሩ ሞቆ ከግማሽ በላይ ጭነት ተሸክሞ ሳለ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል። ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም በአየር መግቢያው በኩል የሚተኩስ ከሆነ ጋዙ አንሷል።

በጋዝ የሚሠራ ሞተርም ሽታና ቀለም የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ከቤት ውጭ ይቀመጣል። ሲሊንደሩ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ስለሚገባ ሁልጊዜ መቆም አለበት። ጭነቱ ሲበዛ ሲሊንደሩ ቀዝቅዞ ውጩ ውርጭ ይለብሳል፣ ግፊቱም ይወድቃል፤ መፍትሔው ጭነቱን መቀነስ ወይም ተለቅ ያለ ሲሊንደር መጠቀም ነው እንጂ በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም።