ከአሜሪካ የመጣው ውክልና ለቤት ሽያጭ አልሆን ሲል

ደንበኛዬ እናት ናቸው። ልጃቸው ከሜሪላንድ በላከላቸው ውክልና አዲስ አበባ ያለውን ቤቱን ሊሸጡለት ሲሄዱ ሰነዱ ተመለሰባቸው። የኤምባሲው ማህተም አለ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አረጋግጦታል። እሳቸው «ሐሰተኛ ነው» የተባሉ መስሏቸው ተጨንቀዋል።

ውክልናው የሚለው «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድሩ» ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 እና 2204 መሠረት እንዲህ በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ንብረቱን መጠበቅ። ቤት ለመሸጥ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። መመለሱ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው ግን አልነበረም።

«እማማ፣ ልጅዎ ቤቱን እንዲጠብቁለት አደራ ሰጥቶዎታል፤ እንዲሸጡለት የሚል ግን አልጻፈም» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

በአዲሱ ረቂቅ የቤቱን አድራሻና የካርታ ቁጥር ጠቅሼ መሸጥ፣ ውል መፈረም፣ ገንዘብ መቀበልና ስም ማዛወር የሚሉትን ለየብቻ ጻፍኩ። ልጁ ኤምባሲ ሄዶ ከመፈረሙ በፊት ለሁለቱም በስልክ አነበብኩላቸው። እናትየው «ገንዘቡስ በማን ሂሳብ ይግባ?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም ያላነሳው ቁም ነገር ነበር፤ በልጁ ሂሳብ እንዲገባ ተጨመረ። አዲሱ ውክልና ተቀባይነት አግኝቶ ሽያጩ ተመዘገበ።